ከካርቶን እስከ ቀለም ቅብ ወታደር፦ የናፖሊዮን ዘመን የጦር ጨዋታ ለሚያመነታ ጀማሪ

የናፖሊዮን ዘመን የጦር ጨዋታ ለመጀመር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ትናንሾቹን ወታደሮች ይገዛል። ቀጥሎ የትኛው ሬጅመንት ምን ዓይነት አንገትጌ እንደነበረው ሲያነብ ይከርማል። ከዚያ ጥቂቶቹን ቀብቶ ይታክተዋል፤ ሳጥኑ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣል፤ ጨዋታው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞከር ይቀራል። እዚህ የቀረበው መንገድ ተገላቢጦሹ ነው፦ መጀመሪያ በካርቶን ትጫወታላችሁ፣ ከወደዳችሁት ወታደር ትገዛላችሁ፣ ቀለም መጨረሻ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላለ ሰው ለመጀመሪያው ጨዋታ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅና ከጓዳ የማይገኝ ነገር የለም።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጦር ያሰልፋሉ። በየተራ ያንቀሳቅሳሉ፤ ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል፤ የተኩስና የጨበጣ ውጤት በዳይስ ይወሰናል። እንደ ቼዝ በካሬ የተከፋፈለ ሰሌዳ የለውም፤ ጦራችሁ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ይሄዳል፣ ያ ነፃነት ራሱ ነው የሚያስቸግረው።

«ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል» መባሉ ለሚያሳፍረው፦ በ1824 የፕሩሲያ (የያኔዋ የጀርመኖች መንግሥት) ጦር እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ አድርጎ ተቀብሎታል። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ተጋጣሚ ስትፈልጉ ደግሞ የታሪክ አዋቂ አትፈልጉ፤ መሸነፍ የሚችል ሰው ፈልጉ። ገበጣ ወይም ቼዝ ተጫውቶ ሲሸነፍ የማያኮርፍ ጎረቤት የናፖሊዮንን ስም ብቻ ሰምቶ ከሚያውቅበት ተነሥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ተጫዋች ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። በአካባቢያችን ጦርነት የሩቅ ወሬ ያልሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የባዕድ አገር ውጊያ እንኳ በጨዋታ መልክ የማይዋጥለት ሰው ከቤተሰቡ ካለ ሌላ ቦታ ተጫወቱ።

ለምን ይህ ዘመን?

ከ1803 እስከ 1815 ባለው ጊዜ እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፈኛ አንዱ ሌላውን የሚያሸንፉበት መንገድ በጣም ግልጽ ነበር። እግረኛ በረጅም መስመር ሲሰለፍ ተኩሱ ይበረታል፣ ፈረሰኛ ሲመጣበት ግን ይበታተናል። በአራት ማዕዘን ሲሰለፍ ፈረሰኛ አይደፍረውም፣ መድፍ ግን ይፈጀዋል። መድፍ ደግሞ ተጠግቶ ለሚገባበት ፈረሰኛ መልስ የለውም። ይህን ሦስት ማዕዘን የተረዳ ሰው ጨዋታውን ግማሽ ያህል ተረድቷል።

ዘመኑ የራቀ ለሚመስለው፣ ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት የዋተርሉ ውጊያ የተደረገው ጁን 18 ቀን 1815 ነው፤ በእኛ ሰኔ 12 ቀን 1807 ዓ.ም.፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት። ያኔ ሸዋን የሚገዙት ሣህለ ሥላሴ ሥልጣን ከያዙ ሁለት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ናፖሊዮን ሩሲያ ሲዘምት የተደረገው የቦሮዲኖ ውጊያ ደግሞ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1812፣ ማለት ጳጉሜን 3 ቀን 1804 ዓ.ም. በሩፋኤል ዕለት ነበር።

ዕቃው

ለሁለቱም ጦር የሚበቃው ይህ ነው፦

- ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ካርቶን፣ በኤፎር ወረቀት ስፋት 2 ቁራጭ
- ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ
- የልብስ ሰፊ ሜትር 2
- ዳይስ 6 (የሉዶው ይሆናል)
- ሽምብራ አንድ እፍኝ
- ቆርኪ 6
- አንድ ብርድ ልብስና ጥቂት ወፋፍራም መጻሕፍት
- 120 በ90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠረጴዛ፣ ወይም ወለል

የጫማ ካርቶን ቀጭን ስለሆነ ብቻውን አይሆንም፤ ሁለት ንብርብር በነጭ ኮላ አጣብቃችሁ መጽሐፍ ጭናችሁበት ካሳደራችሁት ግን ያገለግላል። ውስጡ ሞገድ ያለው የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ተዉት፤ ጠርዙ ሲያዝ ይጨፈለቃልና ከሁለት ጨዋታ በኋላ ልኩን ያጣል።

የምትቆርጡት መቆሚያ 48 ነው፦ ለእግረኛ 4 በ2 ሴንቲ ሜትር የሆነ 40፣ ለፈረሰኛ 4 በ4 የሆነ 6፣ ለመድፍ 4 በ5 የሆነ 2። ስፋቱ ሲደመር 456 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ኤፎር 624 ያህል ስላለው ሁለተኛው ቁራጭ ለብልሽት ነው። ካተሩን በአንድ ጊዜ ተጭናችሁ አትቁረጡ። አምስት ስድስት ጊዜ በስሱ እየደጋገማችሁ አውርዱት፤ በኃይል የተቆረጠ ካርቶን ጎኑ ያዘነብላል፣ መቆሚያዎቹም ጎን ለጎን ሲገጠሙ ክፍተት ይፈጥራሉ።

በእያንዳንዱ ላይ ምልክት አድርጉ። በዛሬው የወታደር ካርታ እግረኛ ከማዕዘን ማዕዘን በተሻገሩ ሁለት መስመሮች፣ ፈረሰኛ በአንድ ሰያፍ መስመር፣ መድፍ በደማቅ ነጥብ ይታወቃል፤ ያንኑ ውሰዱ። ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ በቀስት አሳዩ። ይህ ቀስት ከተረሳ በሁለተኛው ተራ «ወዴት ነበር የዞረው?» የሚል ጭቅጭቅ መነሣቱ አይቀርም። ሰማያዊው ፈረንሳይ ይሁን፤ ሌላውን ለጊዜው ቀይ በሉት።

አራት የእግረኛ መቆሚያ አንድ ሻለቃ ነው፤ ሁለት የፈረሰኛ መቆሚያ አንድ ሬጅመንት፤ አንድ የመድፍ መቆሚያ አንድ ባትሪ። አጥቂው 6 ሻለቃ፣ 2 የፈረሰኛ ሬጅመንትና 1 ባትሪ ይይዛል፤ ተከላካዩ 4 ሻለቃ፣ 1 ሬጅመንትና 1 ባትሪ። እያንዳንዱ ወገን ጦሩን በሁለት ብርጌድ ይከፍላል፤ ባትሪውም ከአንዱ ብርጌድ ጋር ይታዘዛል። ቆርኪዎቹ አዛዦቹ ናቸው፦ ለየወገኑ አንድ ጄኔራልና ሁለት የብርጌድ አዛዥ። ሽምብራው ጉዳት መቁጠሪያ ነው። ቆሎ አታድርጉት፤ ጉዳቱ ይበላል።

ሰልፍ

አንድ ሻለቃ ሦስት ዓይነት ሰልፍ አለው። በመስመር፣ አራቱ መቆሚያዎች ጎን ለጎን ሆነው 16 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋሉ። በዓምድ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ። በአራት ማዕዘን፣ አራቱም ጀርባ ለጀርባ ሆነው ፊታቸውን ወደ አራቱ አቅጣጫ ያዞራሉ።

16 ሴንቲ ሜትሩ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ከ1808 በኋላ የፈረንሳይ ሻለቃ በወረቀት ላይ 6 ሻምበል፣ በየሻምበሉ 140 ሰው፣ በድምሩ 840 ሰው ነበር፤ ዘመቻ ላይ ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወርዳል። 600 ሰው በሦስት ረድፍ ቢቆም ፊት ለፊቱ 200 ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ብትሰጡት 120 ሜትር ይዘረጋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት 7 ሜትር ተኩል ነው። የዘመኑ ጠመንጃ አፈሙዙ ልሙጥ ስለነበር ከመቶ ሜትር ወዲያ ብዙም አያስተማምንም፤ የተኩሱ ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለዚህ ነው። የሌላ ሰው ደንብ ስታገኙም በዚህ ዓይነት ሒሳብ ፈትሹት፤ ርቀቱና የሻለቃው ስፋት የማይጣጣሙበት ደንብ ውጊያውን ያዛባል።

ደንቡ

በአንዱ ወገን ተራ የሚደረገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ሲጨርስ ሌላው ወገን ያንኑ ይደግማል። ሁለቱም ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ዙር ሆነ።

1. ትዕዛዝ። ለእያንዳንዱ ብርጌድ አንድ ዳይስ ጣሉ። 1 ከወጣ ብርጌዱ በዚህ ተራ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ከ2 እስከ 5 አንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ 6 ከወጣ ሁለት ጊዜ። ያኔ ትዕዛዝ የሚሄደው በፈረስ መልእክተኛ ነበር፤ ይዘገያል፣ ይሳሳታል፣ አንዳንዴም መልእክተኛው ራሱ ይሞታል። ጀማሪዎች መሰረዝ የሚፈልጉት ደንብ ይህ ነው። አትሰርዙት፤ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ከሄደ ተጠባባቂ ጦር የሚያስቀምጥ ሰው አይኖርም።

2. መንቀሳቀስ። እግረኛ በመስመር 10፣ በዓምድ 15፣ በአራት ማዕዘን 5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ፈረሰኛ 25። መድፍ 10፤ ከተንቀሳቀሰ ግን በዚያው ተራ አይተኩስም። ሰልፍ መቀየር አንድ ሙሉ እንቅስቃሴ ይበላል። ጫካ ወይም መንደር ውስጥ እግረኛ ግማሹን ይሄዳል፤ ፈረሰኛና መድፍ ጭራሽ አይገቡም።

3. ተኩስ። ሻለቃ በመስመር 4 ዳይስ፣ በዓምድ 2፣ በአራት ማዕዘን በየጎኑ 1 ይጥላል፤ ርቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ባትሪ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር 4 ዳይስ፣ ከዚያ በላይ በሚታይ ርቀት ሁሉ 2 ዳይስ። የቅርቡ የጣሳ አረር ነው፤ ጣሳ ውስጥ የታጨቁ ትንንሽ ጥይቶች ከአፈሙዙ ሲወጡ ይበተናሉ። የሩቁ ድፍን የብረት አረር ነው። 5 ወይም 6 የወጣ ሁሉ ይመታል። መድፍ በዓምድ ወይም በአራት ማዕዘን ላይ ሲተኩስ 4ም ይመታል፣ አንድ አረር ብዙ ረድፍ ሰንጥቆ ያልፋልና። ዒላማው መንደር ወይም ጫካ ውስጥ ከሆነ የሚመታው 6 ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ምት አንድ ሽምብራ አስቀምጡ፤ አራት ሽምብራ የሞላ ጦር ከጠረጴዛው ይነሣል።

4. ጨበጣ። ጦራችሁ ሲንቀሳቀስ ጠላትን ከነካ ሁለቱም ወገን ዳይስ ይጥላል፦ መስመር 3፣ ዓምድ 4፣ ፈረሰኛ 5፣ ከእግረኛ ጋር የተያያዘ አራት ማዕዘን 3፣ መድፍ 1። 4 እና ከዚያ በላይ ይመታል። ጎኑ ወይም ጀርባው የተነካ ጦር ዳይሱ በግማሽ ይቀንሳል፤ አራት ማዕዘን ግን ጎንም ጀርባም የለውም። ብዙ የመታ ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ከደረሰበት ምት ሌላ አንድ ሽምብራ ተጨምሮበት አንድ እንቅስቃሴ ያህል ያፈገፍጋል፣ በሚቀጥለው ተራውም ሲሰባሰብ ይውላል። እኩል ከወጡ በሚቀጥለው ተራ ይቀጥላሉ።

ፈረሰኛ እግረኛ ላይ ሲጋልብ እግረኛው ወዲያው አራት ማዕዘን ለመሥራት ይሞክራል። በዓምድ ከነበረ 3 ወይም ከዚያ በላይ፣ በመስመር ከነበረ 4 ወይም ከዚያ በላይ መጣል አለበት፤ ፈረሰኛው የተነሣው ከ10 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ከሆነ የሚያስፈልገው ቁጥር በ1 ይጨምራል። ከተሳካለት እሱ 5፣ ፈረሰኛው 2 ዳይስ ይጥላል። ካልተሳካለት እግረኛው 2፣ ፈረሰኛው 5።

5. ወኔ። በዚህ ተራ ሽምብራ የተጨመረበት ጦር ሁሉ አንድ ዳይስ ይጥላል። የወጣው ቁጥር ላዩ ካለው ሽምብራ ካልበለጠ አንድ እንቅስቃሴ ያህል ይሸሻል። ጄኔራሉ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካለ 1 ይደመርለታል። ጨበጣ ተሸንፎ ያፈገፈገ ጦር ይህን ዳይስ አይጥልም፤ አንዴ ሸሽቷል።

ይህን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጡት። ሙሉውን ውጊያ ከመጀመራችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት በአንድ ሻለቃ፣ በአንድ የፈረሰኛ ሬጅመንትና በአንድ ባትሪ ብቻ ተለማመዱ፦ ፈረሰኛውን በመስመር ላይ ጋልቡ፣ ቀጥሎ በአራት ማዕዘን ላይ፣ ከዚያ አራት ማዕዘኑን በመድፍ ምቱት። ከዚህ በኋላ ወረቀቱን ማየት እየቀረ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ውጊያ

ጠረጴዛው ላይ ከተከላካዩ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት መጻሕፍቱን ደርድሩና ብርድ ልብሱን ከላይ አልብሱት፤ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ሸንተረር ይሆናል። ቁልቁለቱ ለስላሳ ይሁን፤ ቀጥ ብሎ ከወረደ መቆሚያዎቹ ይንሸራተታሉ። ሱፍ ያለው ግራጫ ወይም አረንጓዴ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ አንበሳና አበባ የታተመበት ውጊያውን ያስቃል እንጂ ሥራውን አይከለክልም። ከሸንተረሩ ፊት 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሦስት አራት የክብሪት ቀፎ መንደር ሥሩ፤ አንድ ሻለቃ ብቻ ይይዘዋል። በአጥቂው ግራ በኩል የጽድ ቅርንጫፍ ጫፎች ቆርኪ ላይ በኮላ አቁማችሁ ትንሽ ጫካ አድርጉ። ይበቃል። ጫካና ቤት ያበዛ ጠረጴዛ ፈረሰኛን ሥራ ያስፈታል።

ተከላካዩ ሸንተረሩ ላይና ከጀርባው ይሰለፋል፤ አጥቂው ከራሱ ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ። በመካከላቸው 45 ሴንቲ ሜትር አለ፣ ለዓምድ ሦስት እንቅስቃሴ። ውጊያው 8 ዙር ነው፤ መጨረሻ ላይ ሸንተረሩ ላይ ብዙ ሻለቃ ያለው ያሸንፋል። ለጀማሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከተጀመረ ሳይመሽ ያልቃል።

ለተከላካዩ አንድ ምክር፦ ጦራችሁን ሁሉ ሸንተረሩ አናት ላይ አታውጡት። ከጀርባው ያለ አይታይም፣ ስለማይታይም መድፍ አይተኮስበትም። የእንግሊዙ ጄኔራል ዌሊንግተን በዋተርሉ በሞን ሳን ዣን ሸንተረር ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እግረኛውን ከአናቱ ወዲያ አስቀምጦ ፈረንሳዮች ሲጠጉ አስነሣው። ከጣርማ በር ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከፊቱ ያለ ትንሽ ጉብታ ከበስተጀርባው ያለውን መንገድ እንዴት እንደሚሰውር ለማስረዳት አይቸግረውም።

ለአጥቂው ደግሞ፦ ስድስቱን ሻለቃ በአንድ መስመር አትላኩ። አራቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። የፊቶቹ ተመትተው ሲያፈገፍጉ የኋለኞቹ በመካከላቸው ያልፋሉ።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

በጣም የተለመደው ጥፋት ፈረሰኛን ገና ባልተጎዳ እግረኛ ላይ ማስጋለብ ነው። ፈረስ ፈጣን ስለሆነ እጅ ወደዚያው ይሄዳል። ዋተርሉ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የናፖሊዮን የጦር አዛዥ ማርሻል ኔይ በሺዎች የሚቆጠር ፈረሰኛ ያለ በቂ እግረኛ ድጋፍ በአራት ማዕዘኖች ላይ አስጋለበ፤ ደጋግሞ ቢሞክርም አልፈረሱለትም። ፈረሰኛችሁን በዓይን በሚታይበት ቦታ አስቀምጡት፣ ግን አታስጋልቡት። መኖሩ ብቻ ጠላትን አራት ማዕዘን ያሠራዋል፤ ያኔ ባትሪያችሁ ሥራውን ይሥራ። የተረፈውን በዓምድ የቀረበ እግረኛ ይጨርሰዋል፤ ፈረሰኛው የሚጋልበው ከዚያ በኋላ ለሸሸው ነው።

ሁለተኛው የተገላቢጦሹ ፍርሃት ነው፦ ፈረሰኛ ብልጭ ባለ ቁጥር አራት ማዕዘን መሥራት። በ5 ሴንቲ ሜትር እርምጃ 45 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አይቻልም፣ ስምንቱ ዙር ሸንተረሩ ሥር ያልቃል።

ዓምድ የሚጎዳው ደግሞ ሲያመነታ ነው። በዓምድ ከመጣችሁ እስከ መጨረሻው ግቡ። 15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቆማችሁ በ2 ዳይስ ከተኮሳችሁ ጠላት በ4 ይመልስላችኋል። ለመተኮስ ከፈለጋችሁ ከ15 ሴንቲ ሜትር ውጭ ሳላችሁ ወደ መስመር ቀይሩ።

ከጭቅጭቅ ለመዳን ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ርቀት ከመወሰን በፊት መለካት ይፈቀዳል፤ ከጠረጴዛ የወደቀ ወይም ያዘነበለ ዳይስ ይደገማል፤ ደንቡ መልስ የማይሰጥበት ነገር ከተነሣ አንድ ዳይስ ተጥሎ ያልፋል፣ ክርክሩ ከጨዋታው በኋላ ነው። ሦስተኛ ሰው ከተገኘ ዳኛ አድርጉት፤ ዳኛ ያለበት ጨዋታ በጣም ይፈጥናል።

ወታደር መግዛት

በካርቶኑ ሦስት ጊዜ ያህል ከተጫወታችሁና ቀጣዩን ቀን የምትቀጥሩት ሁለታችሁም ከሆናችሁ ያኔ ስለ ግዢ አስቡ። 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው፣ እንደ ፔሪና ቪክትሪክስ ያሉ ድርጅቶች የሚሠሯቸው፣ በጣም ያምራሉ፤ ግን ውድ ናቸው፣ ሰፋ ያለ ጠረጴዛና የብዙ ወር ቀለም ይጠይቃሉ። 15 ሚሊ ሜትሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ናቸው፣ ሻንጣ ውስጥ ይከብዳሉ። 6 ሚሊ ሜትር የብዙ ሕዝብ ጦር ያሳያል፣ ፊታቸውን ግን ማየት አትችሉም። ለሚያመነታ ሰው የሚሻለው በ1/72 ልክ የተሠራው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ከሚሠሩት ድርጅቶች ሃት፣ ዝቬዝዳና ኢታለሪ ይገኙበታል። አንዱ ወታደር ከ20 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ሳጥኑ ቀላል ነው፤ በካርቶን የቆረጣችሁት መቆሚያም ሳይቀየር ይሆነዋል።

ሒሳቡ ይህ ነው። በአንድ የእግረኛ መቆሚያ ላይ 3 ወታደር፣ በሻለቃ 12፤ ለአጥቂው 72፣ ለተከላካዩ 48። የእግረኛ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ይይዛል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ሳጥኑ ላይ እዩ። በፈረሰኛ መቆሚያ ላይ ሁለት ፈረስ። ሁሉንም ባንዴ አትግዙ፤ ከየወገኑ አንድ የእግረኛ ሳጥን ብቻ አምጡና የቀረው በካርቶን ይቀጥል። የተቀባና ካርቶን የሆነ ጦር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ ማንም አይሞትም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ የሚረጭ ቀለም በአውሮፕላን ሻንጣ እንደማይፈቀድ አስቡ፤ ከእሱ የሚጠየቀው ሳጥኑ፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለምና ሁለት ጥሩ ብሩሽ ነው።

የትኛውን አገር? ፈረንሳይና የ1812ቷ ሩሲያ። የፈረንሳዩ ኮት ጥቁር ሰማያዊ፣ ደረቱ ነጭ፣ አንገትጌና እጅጌው ጫፍ ቀይ፤ የሩሲያው ጥቁር አረንጓዴ፣ አንገትጌና እጅጌ ጫፉ ቀይ። የሁለቱም ቆብ ጥቁር። ኦስትሪያ ሙሉ ነጭ ስለሆነች ለመጀመሪያ ተዋት፤ ነጭ ቀለም ሲደራረብ ጉርብጥብጥ ይላል። ካፖርት የለበሰ ወታደር ያለበት ሳጥን ካገኛችሁ ግማሽ ሥራ ቀለለ፦ ካፖርቱ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው፣ ዝርዝሩን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ቀለም፣ በደጋና በቆላ

መጀመሪያ ወታደሮቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ፋብሪካው ከቅርጹ በቀላሉ እንዲወጡ የሚቀባው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይይዝም። ከደረቁ በኋላ ነጭ ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ አንድ ጊዜ ቀቧቸው፤ ለስላሳው ፕላስቲክ ሳንጃው ላይ ሲታጠፍ ቀለሙ እንዳይላቀቅ ይህ ሽፋን አብሮ ይታጠፋል። ከዚያ ጥቁር መነሻ ቀለም በብሩሽ።

አሥር አሥር እያደረጋችሁ በቀጭን እንጨት ላይ አጣብቁና አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ጨርሳችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ፦ ኮት፣ ሱሪ፣ ቆዳ፣ ማሰሪያዎች፣ ጠመንጃ፣ መጨረሻ ላይ ቀዩ ጫፍ። ቀለሙን እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ በጥብጡት። ወፍራም ቀለም አዝራርና ፊት ይደፍናል፤ ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ሲደርቅ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ከላይ አፍስሱ፤ እጥፋቶቹ ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሠራል፣ ብሩሹ የሳተውንም ይሸፍናል። ለፊታቸው ዓይን አትሥሩ፤ ከአንድ ክንድ ርቀት አይታይም፣ ሲበላሽ ግን ይታያል።

ደብረ ብርሃንና አካባቢው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ነጭ ኮላ በብርድ ሲደርቅ ኖራ መስሎ ይነጣል፣ አይይዝምም፤ ስለዚህ የማጣበቁን ሥራ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ጨርሱት። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የሚረጭ ቫርኒሽ አትጠቀሙ፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ሽፋን ጥሎ ሥራችሁን ሁሉ ያደበዝዛል። በብሩሽ የሚቀባውን ደብዛዛ ቫርኒሽ ተጠቀሙ፣ አሳድሩትም።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላለ ሰው ችግሩ ሌላ ነው፦ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳለ ይደርቃል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፉ፣ ከላዩ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አድርጉ። ለሰዓታት እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ክዳኑን ከገጠማችሁ ለነገም ይተርፋል።

ለመቆሚያው የተነፋ ደቃቅ አሸዋ በኮላ አፍስሱና ቡናማ ቀቡት። ሣሩ ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ነው፦ በወንፊት ንፉት፣ በቀጠነ አረንጓዴ ቀለም እሹት፣ ጋዜጣ ላይ አድርቁት። በክረምት በደንብ ሳይደርቅ ከታሸገ ይሻግታል። ከመቆሚያው ሥር የሻለቃውን ቁጥር ጻፉ።

ደንብ መጨመር

አዲስ ደንብ በአንድ ጨዋታ ከአንድ በላይ አትጨምሩ። መጀመሪያ የሚጨመረው ቃፊር ይሁን፦ እያንዳንዱ ሻለቃ አንድ መቆሚያ 10 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ እንዲበተን ይፈቀድለታል፣ 1 ዳይስ ይተኩሳል፣ በ6 ብቻ ይመታል፣ ፈረሰኛ ከመጣበት ወደ ሻለቃው ይመለሳል። ቀጥሎ ዝናብ። ከዋተርሉ በፊት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ድፍን አረር የሚገድለው መሬት ነክቶ እየነጠረ ሲሄድ ነው፣ ጭቃ ላይ ግን ይሰምጣል። ናፖሊዮን ውጊያውን እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያዘገየው አንዱ ምክንያት መሬቱ እንዲጠፈፍ ነበር። ስለዚህ ከውጊያው በፊት አንድ ዳይስ ጣሉ፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ሌሊቱን ዘንቧል፦ በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ከ30 ሴንቲ ሜትር ወዲያ የሚተኮስ መድፍ በ6 ብቻ ይመታል፣ ፈረሰኛም ከ25 ይልቅ 20 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል።